የባለታክሲዋ እናት

ሚዶው መሳቢያው ውስጥ፣ ጊዜያቸው ካለፈ የኪራይ ደረሰኞችና ከተሰበረ መነጽሬ ሥር ነበር። ልጄ የስልክ ቻርጀር ስትፈልግ አገኘችውና አፍሮዋ ላይ ሰክታው ወደ ወጥ ቤት መጣች። ጥቁር ፕላስቲክ ነው። እጀታው የተጨበጠ ቡጢ ነው፤ ከጥርሶቹ ሁለቱ ረግፈዋል። እኔ ከሱቅ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ሮዘተንቪል ውስጥ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ሲመሽ እግሬ የራሴ አይመስለኝም።

የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የኔ ነው አልኳት። ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ከተወለደች ጀምሮ ጸጉሬን ከጆሮዬ በታች አውርጄ አይታኝ አታውቅም።

ተቀበልኳትና አሸተትኩት። ሽታው አልጠፋም፤ የጸጉር ቅባት፣ ነጭ ጋዝ፣ የልብስ ሳሙና። ድሮ የኖርኩበት ሰፈር፣ ቴምቢሳ ሸተተኝ። ደክሞኝ ስለነበር ነው መሰለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ ግን ስልኳን እያየች ስለነበር አላየችኝም።

ይህች ልጅ እዚሁ ጆሃንስበርግ የፊልም ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ አካውንቲንግ ነበር የፈለግኩት፤ እንግዲህ ምን ይደረግ። በዚያ ሳምንት የተሰጣት የቤት ሥራ ስለ ድሮ የጥቁር አሜሪካኖች ፊልም ነበር። ብላክስፕሎይቴሽን ይባላል አለችኝ፤ ጥቁርና ብዝበዛ የሚሉትን ቃላት አጋብተው ያወጡለት ስም ነው። እሷ እንደነገረችኝ ከሆነ ነገሩ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ጥቁር ሰው ፊልም ላይ ወይ አሽከር ወይ ሟች ብቻ በነበረበት ዘመን ድንገት ጥቁር ጀግና መጣ፤ ረጅም የቆዳ ካፖርት የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ነጩን አለቃ የሚያሸንፍ፣ መጨረሻ ላይም የማይሞት። ሕዝቡ ተሰልፎ አየው። ሊከስሩ የደረሱ ነጭ ፊልም ሠሪዎች ገቢውን ሲያዩ እየተሻሙ በላይ በላዩ ሠሩ። ከዚያ የጥቁሮቹ የራሳቸው ታላላቆች ተቆጡ፤ ልጆቻችንን ዱርዬና ዕፅ ሻጭ ብቻ አድርጋችሁ አሳያችሁ አሉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተረሳ። ዘፈኑ፣ አለባበሱና ጸጉሩ ግን ቀረ። ዛሬ የምትሰሚው ራፕ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው አለችኝ፣ ራፕ እንደማልሰማ ረስታው።

ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፊልሙን ከፈተችልኝ። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ መጣ። ቀጥሎ በዝናብ በረጠበ መንገድ ላይ ቢጫ ታክሲ መጣ። እግሬን ከውሃው አወጣሁ።

ይህን ፊልም አውቀዋለሁ አልኳት፤ ባለታክሲዋ፣ እናቷ የምትሞትባት።

"ስለ ባለታክሲዋስ ልክ ነሽ" አለችኝ ልጄ። "እናት ግን የለችም፣ ማሚ። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናት የምትባል ሰው የለችም።"

ተቀምጬ አየሁት። እውነቷን ነው፣ የለችም። ለሃያ ዓመት ያህል የተቀየምኩትን ሰው ያኔ ነው ያሰብኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነበር። ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቴምቢሳ ውስጥ በአንዲት አሮጊት ግቢ በቆርቆሮ የተሠራች፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ ነበረችው። አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላታል፣ አያት ማለት ነው፤ እኛም ጎጎ አልናት። ዳቦ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና፣ በፍሬ የሚቸረቸር ሲጋራ እንሸጥ ነበር። በብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነን ነበር የምንሸጠው። ደንበኛው ሳንቲሙን ብረቱ ላይ እያንኳኳ "ማይ ፍሬንድ" ብሎ ይጠራናል፤ ሻጩ ወንድ ሆነ ሴት ያው "ማይ ፍሬንድ" ነው። ከሱቋ ኋላ የዕቃ ማከማቻ ክፍል ነበረን፤ የምንተኛውም፣ የምናበስለውም፣ እንግዳ የምንቀበለውም እዚያው ነው።

እሁድ ከቸርች በኋላ የአካባቢው ልጆች ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ሁሉም ባለሱቆች፣ ሁሉም ከደቡብ። ሐዲያም አለ፣ ከምባታም አለ፣ ወላይታም አለ፤ የሚያግባባን አማርኛ ነው፣ እሱም እንደየአገራችን የተሰባበረ። በዱቄት ማዳበሪያና በለስላሳ ሳጥን ላይ እንቀመጣለን። ጎጎም የራሷን ወንበር ይዛ ትመጣለች። ትንሽ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ነበረን። ከዚያ ተርጓሚው ይገባል።

ተርጓሚው የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ሁለት መንገድ አልፎ የራሱ ሱቅ ነበረው። ከኔ አሥር ዓመት ይበልጣል፣ ጋሼ ነበር የምንለው። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ግን ጎርናና ነው፣ ከሱ የሚወጣ አይመስልም። ዱራሜ ሳለ ሥራው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ የእንግሊዝኛ ፊልም መተርጎም ነበር። እንግሊዝኛው እንኳ ብዙም አልነበረም። ፊቱን አይቶ፣ መኪናውን አይቶ፣ ዘፈኑን ሰምቶ ነው የሚተረጉመው። ደስ ያለው ቦታ ሲደርስ ፊልሙን አቁሞ ያብራራል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ሦስት እሁድ ይፈጅብን ነበር። ሽማግሌዎቻችን ቸርች ውስጥ ፊልም አይወዱም፤ እሱም አያሳፍራቸውም። ፊልሙ ላይ ሲሳሳሙ "እዚህ ጋ ይጸልያሉ" ይላል። ሰውዬው አፉን ሞልቶ ሲሳደብ "ጌታ ይባርክህ አለው" ይለናል። የፊልሙን ፈጣን እንግሊዝኛ አጥርታ የምትሰማው ጎጎ ብቻ ነበረች፤ ስድቡን እየሰማች ለብቻዋ ስትንከተከት እኛ ደግሞ ቡራኬው ላይ ምን የሚያስቅ አገኘች ብለን እናያታለን።

ብዙ ጊዜ የምናየው እነዚህን የጥቁር አሜሪካኖች ድሮ ፊልሞች ነበር። ዲስኮቹን ታክሲ ተራው ጋ ነው የሚገዛቸው፤ የጥንት ስለሆኑ ርካሽ ናቸው። ጎጎ ትወዳቸው ነበር። ልጃገረድ ሳለች አንድ ሰውዬ በመኪና ፕሮጀክተር ይዞ እየመጣ በቸርች አዳራሽ አንሶላ ላይ ያሳያቸው እንደነበር ነገረችኝ። ግማሾቹ በመንግሥት ተከልክለው አይመጡም፤ የመጡትም ተቆራርጠው ነው። ጥቁሩ በነጩ ላይ ሽጉጥ ሊያነሳ ሲል ፊልሙ ይዘልና ሌላ ቦታ ይገኛል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያፏጫል። በኋላ እዚሁ አገር ነጮቹ ራሳቸው ገንዘብ አውጥተው በዙሉ ቋንቋ ለጥቁር ፊልም ሠሩ። ጀግናው ያው ኮፍያና ካፖርት አለው፤ የሚመታው ግን ጥቁር ሌባ ብቻ ነው። ነጭ ሰው ፊልሙ ውስጥ አይታይም፣ ካሜራው ጀርባ ነው ያለው አለችኝና ትከሻዋን ነቀነቀች። ቢሆንም አይተነዋል አለች፤ ጸጉራችንን ከነሱ አይተን አሳደግን፣ ሱሪያችንን ከነሱ አይተን አሰፋነው።

ሚዶው የዚያን ጊዜ ነው። ለኔ የሰጠችኝ በምክንያት ነው።

አንድ እሁድ ተርጓሚው ካመጣቸው መሃል አንድ የዲስክ ሽፋን አየሁ። ትልቅ አፍሮ ያላት ሴት ቢጫ ታክሲ ተደግፋ ቆማለች። እናቴን ትመስላለች አልኩ። ሁሉም ሲስቁብኝ ፎቶዋን ከሻንጣዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። እናቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ የጽሕፈት ሥልጠና ስትወስድ የተነሳችው ነው፤ በደጉ ዘመን የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ ሲኒማ ገብቶ የሚወጣው ጸጉሩን እያበጠረ ነበር ትለኝ ነበር። ጸጉሯ ክብ ሆኖ ከትከሻዋ ይሰፋል፣ ሱሪዋ ከታች ጫማዋን ሸፍኖታል። በኋላ እንዲህ መሆን እንደ ጥጋብ የሚቆጠርበት ጊዜ መጣና ቆረጠችው። እኔ የማውቃት ሻሽ አስራ ነው። ፎቶው ከእጅ እጅ ዞረ፤ ተርጓሚው ቶሎ አልመለሰልኝም፣ ከሽፋኑ ጋር እያስተያየ ብዙ አየው። እውነትሽን ነው፣ ትመስላለች አለኝ። እኔም እንደሷ ጸጉሬን አሳድጋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ጎጎ ሚዶውን አምጥታ ሰጠችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ አስቀምጣ ታበጥረኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እናቴ ሞተች።

እኔ አልሰማሁም። ወንድሜ ስልክ ሲደወልለት እኔ ፍርግርጉ ጋ ዳቦ እየሸጥኩ ነበር። ተርጓሚው ሰማ፣ ሽማግሌዎቹ ሰሙ፣ የእሁዶቹ ልጆች ሁሉ ሰሙ፤ ከጎጎና ከኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፕሪቶሪያ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤ ወረቀት ካላገኘሁ ፖሊስ መንገድ ላይ ሊይዘኝ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ እያለቀሰች ብትሄድ ይበላሽባታል፣ ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ነው፣ ረቡዕ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን ብለው ወሰኑ። ክፋት የለውም፤ አገር ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚደረገው።

ወንድሜ ግን እናቱ ሞታበት ማልቀስ አልቻለም። አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው፤ የት ሄዶ ያልቅስ። ዓይኑ አብጦ ሲገባ ጥርሴን አሞኝ ነው ይለኝ ነበር። ቅርንፉድ እያኘከ እንዲይዝበት እሰጠው ነበር። የሚያመው ጥርስ እንደሌለው እያወቀ ተቀብሎ ያኝከዋል። ቤት እንደውል ስለው መስመሩ ተበላሽቷል ይለኛል። ዛሬም ቅርንፉድ ሲሸተኝ አዝናለሁ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ተርጓሚው የባለታክሲዋን ዲስክ ይዞ መጣ። ልጆቹ ይህንንማ ከዓመት በፊት አይተነዋል አሉት።

"እሷ አላየችም" አላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ታሪኩ ይህ ነው። ሴትዮዋ ታክሲ ትነዳለች፤ በሰፈሯ ልጆች ላይ መርዝ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ አንድ በአንድ እየተከታተለች ትይዛቸዋለች። እሱ ግን ገና ታክሲዋ እንደመጣች፣ ይቺ ልጅ እናት አለቻት፣ ሩቅ አገር ናት፣ ሰሞኑን ትንሽ ያስላታል አለን። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። ደንበኛ ጠርቶት መሰለኝ። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጀግና ብትሆንም እናት አላት ብዬ።

በሁለተኛው እሁድ የባለታክሲዋ እናት ሆስፒታል ገባች። ሴትዮዋ ስልክ ስታነሳ ተርጓሚው፣ ቤት እየደወለች ነው፣ አይነሳላትም አለ። ጎጎ ያን ቦታ ስትስቅ አስታውሳለሁ፤ ለካ ሴትዮዋ ስልኩ ላይ የዕፅ ነጋዴውን እያስፈራራችው ነበር። እኔ በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ስለ እናቴ ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ወንድሜን እማዬ ደህና ናት አይደል ብዬ ጠየቅኩት። ጥርሱን ይዞ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ።

ሦስተኛው እሁድ፣ ከቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከባድ ሙቀት ነበር። ቆርቆሮው ይንጣጣ ነበር። በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን የዱቄቱን ብናኝ እያቋረጠ ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። ጎጎ እያበጠረችው ጸጉሬ ክብ ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ሚዶውን እንደ ሴትዮዋ ሰክቼው ነበር የተቀመጥኩት። ፊልሙ ውስጥ አንድ ረጅም ቦታ አለ፣ ንግግር የለውም፣ ዘፈን ብቻ ነው። ሴትዮዋ ታክሲዋን በባልዲ ውሃ ታጥባለች። ዝም የተባለበት ቦታ ሁሉ የተርጓሚው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁን እናቷ አልጋ ላይ ናት አለ፤ ከአልጋዋ መነሳት አልቻለችም፣ የልጇን ስም ትጠራለች።

"ልጄ መንገድ ላይ ናት፣ በሩን አትዝጉባት እያለች ነው" አለ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ ፊቱን የዱቄት ማዳበሪያው ላይ ደፍቶ ነበር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንዱ ተከተለ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ትልልቅ ወንዶች በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ዘፈኑ ብቻ ቀጠለ። ጎጎ ግራ ገብቷት አንዴ እነሱን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አየችና ወደኔ ዞራ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

"ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት? ሴትዮዋ እኮ መኪና እያጠበች ነው።"

ቴሌቪዥኑን አየሁ። እውነትም መኪና እያጠበች ነበር። ልጆቹን አየሁ። አንዱም ቴሌቪዥኑን አያይም፤ እኔን ያያሉ፣ እኔ ሳያቸው ደግሞ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እማዬ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ብዙ ጊዜ ሰዎች ስለ ሐዘን ሲያወሩ ሰማይ ተደፋብኝ ይላሉ፤ እኔ ግን የማስታውሰው ፍርግርጉ ላይ ሳንቲም ሲያንኳኳ የነበረ ደንበኛ ነው። ዳቦ ፈልጎ ነበር፤ ማንም አልሄደለትም።

ከዚያ ተነስቼ ተርጓሚው ፊት ቆምኩ። ምን እንደታየኝ አላውቅም፤ ብቻ እሱ የገደላት ነው የመሰለኝ።

"እናቴን መጫወቻ አደረግካት" አልኩት።

ሁሉም ሰማ። እሱ ጎንበስ ብሎ ማጫወቻውን ከፈተ፣ ዲስኩን አወጣ፣ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተው፣ ወጣ።

ጎጎ የሆነውን ስትረዳ ወደ ቤቷ አስገባችኝና ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈችልኝ፤ በነሱም ወግ ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚቀመጠው። ጸጉሬን ቁረጪልኝ አልኳት። ተይ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። በጨርቅ መቀሷ ቆረጠችው፤ እየቆረጠች ታንጎራጉር ነበር፣ በዙሉ ስለሆነ አልገባኝም። ማክሰኞ ጸጉሬ ተቆራርጦ፣ ዓይኔ አብጦ ፕሪቶሪያ ሄድኩ። የስድስት ወር ወረቀት ሰጥተው መለሱኝ። ያ ሁሉ መደበቅ ለስድስት ወር ወረቀት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ረቡዕ ንጋት ላይ መጡ። ካለቀ በኋላም ቢሆን በሥርዓቱ መጡ። ከዚያ ተርጓሚውን አስጠርተው በሰው ፊት ገሠጹት፤ የተቆረጠውን ቀን አፈረስክ፣ መርዶን የፊልም ቀልድ አደረግከው አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። እኔም ፍራሼ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ይበለው አልኩ በልቤ፤ አልዋሽም፣ ብያለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተረጎመም። እሁዶቹ ቀሩ። ማጫወቻውን ለአንዱ ልጅ ሰጠው፤ ልጆቹም እያንዳንዳቸው በየሱቃቸው መቆም ያዙ። ዓመት ሳይሞላ ተርጓሚው ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ሄደ። እኔ አገባሁ፣ ወደ ደቡብ ጆሃንስበርግ ወረድኩ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሌላ አገር ሄዶ ቀረ፣ እኔ ሱቅ ቆሜ ቀረሁ። ጎጎም ሞተች፤ ሚዶው እኔ ጋ ሳለ። ተርጓሚውን በሠርግና በለቅሶ ከሩቅ አየዋለሁ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እንደዚያው። በቃ ያ ነው የነበረን።

ያን ቀን ልጄ ፊልሟን አይታ ወደ ክፍሏ ስትገባ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አሁን ሰሜን፣ ፖሎክዋኔ ከተማ ነው ያለው፣ እሱም ሸብቷል፣ ወገቡን ያመዋል። ባለታክሲዋ እናት የላትም ለካ አልኩት። 

ኧረ የላትም አለኝ። እኛ ሁላችንም ከዚያ በፊት አይተነው ነበር። መጀመሪያ እሁድ ያስላታል ሲል ነው የገባኝ፤ ለዚያ ነው የወጣሁት አለኝ። ከዚያ የማላውቀውን ሁሉ ነገረኝ። ተርጓሚው አስቦበት ነበር። ባለታክሲዋ እናቴን ትመስላለች ያለችው ራሷ ልጅቷ ናት፣ ረቡዕ ደህና ናት በምትላት እናቷ መርዶ ድንገት ከምትመታ፣ እንደ አገሩ ወግ የፊልሙ እናት መጀመሪያ ትመም፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ትግባ፣ ቀጥሎ ትድከም፤ ልቧ ቀድሞ ይጠርጥር ብሎ በኋላ ለወንድሜ ነግሮት ነበር። ሞተች ሊል አላሰበም። በጣም ታማለች የሚለው ላይ ሊያቆም ነበር። በሩን አትዝጉባት ያለው የእናታችን የራሷ ቃል ነው፤ ሲደወልለት ለወንድሜ የተነገረው፣ እሱም ለተርጓሚው የነገረው። ያን ሲሰማ ነው ወንድሜ ያልቻለው።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለኝ። "ሽማግሌዎቹ ሲገሥጹት ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለልኝ።"

ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም አልኩት። ስሙ በተነሳ ቁጥር ከተቀመጥሽበት እየተነሳሽ ትወጪ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ አጠገብ። ከሃያ ዓመት በኋላ ለእናታችን አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ያኔስ እሱ በድብቅ፣ እኔ በንዴት ነበር ያለቀስነው።

እሁድ ከቸርች በኋላ ልጄ ኮዝሞ ሲቲ ነድታ ወሰደችኝ። ለምን እንደምንሄድ በግማሹ ነገርኳት። ሱቁ ጥግ ላይ ነው፣ ፍርግርጉ አረንጓዴ ተቀብቷል። ልጄ መኪናውን ተደግፋ ቆመች፤ ጸጉሯ ከነሚዶው። እኔ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሁለት ሴቶች ከፊቴ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ተርጓሚው ቀና ሳይል ምን ልስጥሽ አለኝ በዙሉ። ዳቦ አልኩት በአማርኛ።

ቀና አለ። ቅንድቡ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሰላም አለኝ እንደ ልማዱ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ዳቦውን ሊያወጣ ዞረ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት፤ ጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ ፊልሙን ሳትጨርስልኝ ቀረህ" አልኩት።

የትኛውን ብሎ አልጠየቀኝም። ዳቦውን ይዞ ቆመ።

"መጫወቻ አላደረግካትም" አልኩት። "አሁን ነው ያወቅኩት። ይቅር በለኝ።"

ብረቱ መሃላችን ነው። ጣቶቹን በፍርግርጉ አሳልፎ እጄን ነካ አደረገኝ፤ ከዚያ በላይ አይገባም። ተይው፣ የሐዘንተኛ ቃል አይያዝም አለኝ። ድምፁ ደክሟል፤ ጎርናናነቱ ግን አለ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ እሱ ግን አልቸኮለም። ከትከሻዬ በላይ መንገዱን፣ መኪናውን፣ ልጄን አየ። ብዙ አያት፣ ያኔ የእናቴን ፎቶ እንዳየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ዝም በተባለበት ቦታ ሁሉ ያደርግ እንደነበረው።

"ባለታክሲዋ ብዙ ቀን አለቀሰች" አለ። "ከዚያ ከተማውን ለቅቃ ሄደች። ልጅ ወለደች። ልጅቷ ጸጉሯን አሳደገች።"

ዳቦውን በፍርግርጉ ሥር አሳልፎ ሰጠኝ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ሳንቲሟን ብረቱ ላይ አንኳኳች፤ ቦታ ለቀቅኩላት።